የኮምፒውተራችንን ጓዳ እንዴት እንዳደራጀን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ሲነሳ የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። ሪፖርቱ ታትሞ እጃችሁ ገብቷል፤ ጥያቄያችሁንም ከሰዓት በኋላ እንቀበላለን። አሁን የተሰጠንን ጊዜ ግን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልናወራበት ፈልገናል። በኮምፒውተራችን መስኮት አናት ላይ ስለሚደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች፣ ማለትም ቱልባር ስለሚባለው መስመር ነው የምናወራው። «ይኼ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልገዋል ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ከአንድ ዓመት በፊት እንዲያው ነበር የምንለው። ሐሳባችንን ያስቀየረን አንዲት እናታችን ላይ ያደረስነው በደል ስለሆነ ከእሱ እንጀምራለን። ታሪኩን እንድንናገር እርሳቸው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

ድምሩ ልክ ነበር

ከቡድኖቻችን በአንዱ ውስጥ 22 ሴቶች አሉ። ዝርዝራቸውን የያዝነው በኤክሴል ነው። በግራ በኩል ተራ ቁጥርና ስም፣ በቀኝ በኩል የወሩ ቁጠባ፣ ጠቅላላ ቁጠባና የብድር ቀሪ ይገኛል። በመሐል ላይ ለዓይን እንዲያምር ብለን አንድ ባዶ ዓምድ ትተን ነበር።

የወር መዝጊያ ነበር፤ በዓልም ደርሶ ነበር። ስሞቹን በፊደል ተራ ለማስያዝ አንዱን ስም ጠቅ አደረግንና የመደርደሪያዋን ምልክት ነካን። ኤክሴል ባዶ ዓምድ ሲያጋጥመው ሠንጠረዡ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ስሞቹ ቦታ ቦታቸውን ቀየሩ፤ ገንዘቡ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። ማስጠንቀቂያም አልመጣም። የአንዷ ስም ከሌላዋ ገንዘብ ጎን ቆመ።

ሂሳቡን ዘግተን ድምሩን ከባንክ ደብተሩ ጋር ስናመሳክር አንድ ሳንቲም አልተዛነፈም። ድምር እኮ ማን ከማን ጎን እንደቆመ አይጠይቅም። «እሰይ፣ ልክ መጣ» ብለን ፈርመን ወደ ቤታችን ሄድን።

በሳምንቱ እናታችን መጡ። እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ናቸው። ለበዓሉ ገበያ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድና ጤፍ ለመግዛት ብድር ፈልገው ነበር። በደንባችን የብድሩ መጠን በቁጠባው ልክ ነው የሚወሰነው። ኮምፒውተሩን ከፈትን፤ ከስማቸው ጎን 1,850 ብር አየን። «እማማ፣ ቁጠባዎ ገና ነው፤ የጠየቁት አይፈቀድም» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ማሽኑ ካለ እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በዓሉ አለፈ። ከዚያ በኋላ የቡድናቸው ሰብሳቢ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን ከፌስታል ውስጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። 6,400 ብር ይላል። እያንዳንዱ መስመር ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የእኛው ነው።

ይቅርታ ጠየቅን፤ በቡድናቸውም ፊት ደግመን ጠየቅን። የ22ቱንም ሴቶች ሂሳብ ከደብተሮቻቸው ጋር አንድ በአንድ አስተካከልን። ብድሩም ተለቀቀ። የበዓሉን ገበያ ግን ልንመልስላቸው አልቻልንም።

ጊዜያችን የት ይሄድ እንደነበር

«ለምን ደብተሩን አላየንም?» ብለን ራሳችንን ጠየቅን። መልሱ «ጊዜ አልነበረንም» የሚል ነበር። ታዲያ ጊዜያችን የት ነው የሚሄደው? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። አንዳችን እንደ ወትሮዋ ስትሠራ፣ ሌላዋ ከጎኗ ሆና የምትነካውን ትዕዛዝ ሁሉ እያሰመረች ቆጠረች።

ያገኘነው ነገር አስገረመን። ቀኑን ሙሉ የምንነካቸው ትዕዛዞች ከአሥር አይበልጡም። ሁሉም ግን የተቀመጡት በየተለያየ ቦታ ነው። ከቀመር ነፃ የሆነ ቁጥር ብቻ የምንለጥፍበት ፔስት ቫሊዩስ «ሆም» በሚለው ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ቀስት ሥር ተደብቋል። ርዕሱ ረድፍ እንዳይሸሽ የምናቆምበት ፍሪዝ ፔንስ «ቪው» ውስጥ ነው። መደርደሪያውና ማጣሪያው «ዳታ» ውስጥ ናቸው። የሕትመት ማስተካከያው ደግሞ «ፔጅ ሌይአውት» ውስጥ። አንዱን ከፍተን፣ ፈልገን፣ ተመልሰን፣ ሌላውን እንከፍታለን። እያንዳንዱ ፍለጋ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ግን በየቡድኑ፣ በየወረቀቱ ይደጋገማል። ከሰከንዱ ይልቅ የሚብሰው ደግሞ ሐሳብ መቆረጡ ነው። ምልክት ስንፈልግ ቆይተን ስንመለስ የማንን ሂሳብ እንደያዝን እንረሳለን።

እኛ ኮሌጅ የተማርነው በኦፊስ 2003 ነው። ያኔ ትዕዛዞቹ በዝርዝርና በቱልባር ተደርድረው ነበር፤ ቦታቸውን በቃል አጥንተን ተፈተንን። ኦፊስ 2007 ሲመጣ ሪበን የሚባለው ሰፊ ቀበቶ ተካቸውና የለመድነው ሁሉ ተበተነብን። አንዲት ቀጭን መስመር ግን ከላይ ቀረች፤ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር ትባላለች። ማስቀመጫዋ ምልክትና የተሳሳቱትን መመለሻዋ ቀስት ያሉባት ናት። ለዓመታት በየቀኑ እያየናት በውስጧ የራሳችንን መጨመር እንደምንችል አናውቅም ነበር።

እናንተ ጓዳችሁን እንዴት እንደምታደራጁ አስቡት። ጨው፣ በርበሬና ማማሰያ ከምድጃው አጠገብ ናቸው። የበዓሉ ትልቅ ድስትና የእንግዳ ሳህን ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ጨው ለማምጣት ሦስት ክፍል የምታቋርጥ ሴት ወጡ ያርርባታል። እኛ ለዓመታት ወጡን ስናሳርር የኖርነው ሌላ ሰው ባደራጀው ጓዳ ውስጥ ስለምንሠራ ነው።

ምን ምን አስገባን?

አንድ ትዕዛዝ ወደዚች መስመር ለማስገባት ቀላሉ መንገድ ምልክቱ ላይ ሆኖ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ መጫንና «አድ ቱ ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» የሚለውን መምረጥ ነው። በቃ፣ ገባ። ለማስወጣትም እዚያው መስመር ላይ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ሪሙቭ» ማለት ነው። በአዳዲሶቹ የኦፊስ ዓይነቶች ላይ መስመሯ ተደብቃ ልታገኟት ትችላላችሁ። ያኔ ሪበኑ ላይ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ እንድትታይ እዘዙ።

የእኛ መስመር አሁን ዘጠኝ ምልክት አላት። ዘጠኝ ያደረግናት ያለ ምክንያት አይደለም። «አልት» የሚለው ቁልፍ ሲነካ በየምልክቱ ላይ ቁጥር ይወጣል። ከ1 እስከ 9 ያሉት በአንድ ቁጥር ይጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ቁልፍ ይጠይቃሉ። አሁን ለፔስት ቫሊዩስ አልትና 3 እንላለን፤ ዓይናችን ከወረቀቱ አይነሳም።

ከዘጠኙ ውስጥ ሁለቱን ለይተን ልንነግራችሁ እንወዳለን። ሁለቱም ሪበኑ ላይ ጭራሽ የሉም፤ ፈልጎ ያላወጣቸው ሰው መኖራቸውንም አያውቅም። ለማውጣት «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኩዊክ አክሰስ ቱልባር» ውስጥ ይገባል። ከላይ ካለው ምርጫ ላይ «ኮማንድስ ኖት ኢን ዘ ሪበን» የሚለውን መርጦ፣ የተፈለገውን ነክቶ «አድ» ማለት ነው።

የመጀመሪያው «ፎርም» ይባላል። ሰፊው ሠንጠረዥ ላይ ወዲያና ወዲህ ከመንከራተት ይልቅ የአንዷን አባል መረጃ ብቻ በትንሽ መስኮት ያወጣልናል። ስሟ፣ ቁጠባዋ፣ ብድሯ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። ሞልተን ወደ ቀጣይዋ እንሄዳለን። አንዲት ሴት ስትመጣ ሂሳቧን የምናየው በዚህ ነው፤ ዓይናችን ወደ ጎረቤቷ ረድፍ አይንሸራተትም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፦ እዚያ መስኮት ላይ «ዲሊት» የምትል ቁልፍ አለች፤ ስትነካ መረጃው እስከ መጨረሻው እንደሚጠፋ ትጠይቃለች። ሳያነቡ «እሺ» ማለት አይገባም።

ሁለተኛው «ስፒክ ሴልስ» ይባላል። የመረጥነውን የቁጥር ዓምድ ኮምፒውተሩ ድምፅ አውጥቶ ያነብልናል። ቀድሞ ለማመሳከር ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አንዷ ታነባለች፣ አንዷ በደብተሩ ላይ ምልክት ታደርጋለች። አሁን ማሽኑ በእንግሊዝኛ ቁጥሩን ሲያነብ አንዳችን ብቻዋን ደብተሩ ላይ በእርሳስ እየተከተለች ታረጋግጣለች። በእኛ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ስም አያነብም፤ ስለዚህ የምናስነብበው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ ስሙን በዓይናችን እናያለን። መጀመሪያ ቀን ድምፁን ሲሰሙ ቢሮ ውስጥ የነበሩ እናቶች «ደግሞ ማንን አስገባችሁ?» ብለው ስቀውብናል።

ምን አስወጣን?

በመጀመሪያው ሳምንት ጉጉቱ ይዞን ከሠላሳ በላይ ምልክት ከመርን። መስመሯ መርካቶ መሰለች፤ ያንኑ ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ሆነ። እየቀነስን እየቀነስን ዘጠኝ ላይ ደረስን። ለእጅ የቀረበ ነገር ጥቅሙ ጥቂት ሲሆን ነው።

ካስወጣናቸው አንዷ ያቺ በአንድ ነካታ በፊደል ተራ የምትደረድር ምልክት ናት። ፈጣን ስለሆነች ነበር ያስገባናት። ኋላ ግን አሰብንበት። እናታችንን የበደልነው በዚህ ፍጥነት አይደለም ወይ? በእሷ ቦታ «ሶርት» የሚለውን ሙሉ መስኮት አስገባን። እሱ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ነገር ግን የሚደረደረውን ክልል በሙሉ አቅልሞ ያሳያል። ገንዘቡ ከክልሉ ውጭ ከቀረ ገና ሳንደረድር እናያለን። ሠንጠረዡ መሐል የነበረውንም ባዶ ዓምድ ከሁሉም ቡድኖች ዝርዝር ላይ አጠፋን። ስለዚህ ቱልባር ማስተካከል ሁልጊዜ ማፍጠን ብቻ ማለት አይደለም። አደገኛው ነገር ከእጅ ራቅ እንዲል፣ ቢላዋው ሕፃን ከማይደርስበት እንዲሰቀል ማድረግም ነው።

ሌላም ክርክር ነበረብን። ከእኛ መካከል የለመደችውን መተው ያልፈለገች ነበረች፤ እውነትም ነበራት፤ የሰው እጅ ይለያያል። በሌላ በኩል አንዳችን ስንታመም ወይም ስንወልድ ሌላዋ በዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ምልክቱ በየኮምፒውተሩ ከተለያየ ደግሞ ያው መደናገር ነው። ስለዚህ ተስማማን፦ ከ1 እስከ 5 ያሉት በሁላችንም ዘንድ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከ6 እስከ 9 ያሉት እያንዳንዷ እንደሚመቻት ናቸው።

ይህን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ለማድረስ እንደገና መልፋት አያስፈልግም። እዚያው ኦፕሽንስ ውስጥ ታች ላይ «ኢምፖርት/ኤክስፖርት» የሚል አለ። አንድ ፋይል ያወጣል፤ በፍላሽ ወስዶ ሌላው ላይ መክፈት ነው። ሲከፈት ግን ቀድሞ የነበረውን ማስተካከያ ሁሉ ስለሚተካ ባለቤቷን ሳይጠይቁ እንዳታደርጉት። ሦስተኛው ኮምፒውተራችን ላይ ያለው በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ ነው፤ በእሱ ላይ «ቱልስ» ውስጥ «ከስተማይዝ» በሚለው በኩል በእጃችን አስተካክለናል።

የቡድን ጸሐፊዎቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠሩት በወርድ ነው። እዚያም ያቺው መስመር አለች፤ አገባቡም አንድ ነው። ግን የኤክሴሉን አትቅዱ፤ እንደ እኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ቆጥራችሁ፣ እጃችሁ ደጋግሞ የሚሄድበትን ብቻ አስገቡ።

የተረፈው ጊዜ የት ገባ?

ቀድሞ የወር መዝጊያ ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር። አሁን በሁለት ቀን እንጨርሳለን። ይህን ሁሉ ያደረጉት ምልክቶቹ ናቸው ብለን አናጋንንም፤ ዝርዝሮቹንም አስተካክለናል፣ እኛም ተለማምደናል። ዋናው ግን የተረፈችውን አንድ ቀን ለቡና አላዋልናትም። በሦስተኛው ቀን ከየቡድኑ አምስት የቁጠባ ደብተር በዕጣ አውጥተን ስምን ከስም፣ ገንዘብን ከገንዘብ እናመሳክራለን። ድምር ልክ መሆኑን ማየት እንዳማይበቃ ዋጋ ከፍለን ተምረናልና።

አንድ ደንብም አወጣን፦ ደብተሩን ሳናይ ለማንም ሴት «አይፈቀድም» አንልም። ይህን ደንብ የትኛውም ቱልባር አይሰጥም። ቱልባሩ የሰጠን ደንቡን የምንፈጽምበትን ጊዜ ነው።

ለድጋፍ አጋሮቻችን ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ ይህ ሥራ አንድ ብር አልወጣበትም፤ የወጣበት የአንድ ከሰዓት በኋላ ቆጠራና የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ኮምፒውተር ስትሰጡን እናመሰግናለን፤ ከኮምፒውተሩ ጋር ሠራተኛዋ የምትማርበትን ጥቂት ቀን በዕቅዱ ውስጥ ብታስገቡልን ደግሞ ስጦታው ሙሉ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የሪፖርት ቅጻችሁ የሚለወጥ ከሆነ ሩብ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ንገሩን። የእኛ ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የአንዳንዶቻችሁ በጃንዋሪ። ያንን ማስማማት ሥራችን ነው፤ አናማርርም። ቅጹ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሲቀየር ግን ጊዜው የሚቀነሰው ከእነዚያ ከአምስቱ ደብተሮች ላይ ነው። ለእናንተ የምንልከው ድምር ያኔም ልክ ይሆናል፤ የሚጎዱት ከድምሩ ውስጥ የማይታዩት ሴቶች ናቸው።

እናቶቻችንና እህቶቻችን፤ ለእናንተ ደግሞ አደራ አለን። የቁጠባ ደብተራችሁን እንደ ልጅ ክትባት ካርድ ጠብቁት። ስትቆጥቡ ሳናስፈርም እንዳትሄዱ። ከሁሉም በላይ፣ እኛ ኮምፒውተር አይተን የምንነግራችሁ ከደብተራችሁ ጋር ካልገጠመ አንገታችሁን ደፍታችሁ አትውጡ። «ማሽኑ ካለ» አትበሉ። ማሽኑ የሚለው እኛ ያስገባንለትን ነው፤ እኛ ደግሞ ሰዎች ነን፣ እንቸኩላለን፣ እንሳሳታለን። ደብተራችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና «ልጆቼ፣ እስቲ ደግማችሁ እዩልኝ» በሉን። ደግመን እናያለን።

እናታችን ዛሬ እዚህ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። ምጣዱ ተገዝቷል፤ ዛሬ ምሳ የምንበላውን እንጀራ የጋገሩትም እርሳቸው ናቸው። ሂሳቡ ተከፍሏል፤ ደረሰኙንም ሁለት ጊዜ አመሳክረነዋል።